ነቀምቴ ብላችሁ ብትፈልጉ አይገኝም

ባለፈው ክረምት አንድ የነቀምቴ ልጅ የሆነ ወዳጄ ላፕቶፑን አንግቦ ቤቴ መጣ። ሙያው ሶፍትዌር ነው። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የብዙ ዓመት የናሙና መዝገቡን ወደ ዳታቤዝ እንዲቀይርለት ቀጥሮታል። መዝገቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር አለው። እያንዳንዱ ናሙና ላይ ደግሞ ብዙ መለያ፣ እነሱ «ታግ» የሚሉት፣ ተለጥፏል፦ የታጠበ፣ ያልታጠበ፣ ደረጃው፣ የመኸር ዘመኑ፣ የመጣበት አካባቢ፣ ቀማሹ የጻፈው አስተያየት።

«እየው» አለኝና በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ነቀምቴ» ብሎ ጻፈ። ዜሮ ውጤት።

«ከተማዬ የለችም» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «ለቀምት» ብሎ ጻፈ። መዝገቡ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተግተልትሎ ወጣ።

ይህ ጽሑፍ የዚያች ዜሮ ታሪክ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከሩቅ እንጀምር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የውጭው ገበያ የኢትዮጵያን ቡና በሁለት ስም ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ «ሐረሪ» እና «አቢሲኒያን»። ሐረሪ በምሥራቅ የሚለማው፣ ፍሬው ረዘም ያለው፣ ዋጋው ከፍ ያለው ነው። «አቢሲኒያን» ደግሞ የቀረው ሁሉ ነው። ከፋ በሉት፣ ጅማ በሉት፣ ኢሉባቦር በሉት፣ ወለጋ በሉት፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ። በዛሬ ቋንቋ ሁለት ታግ ያለው ካታሎግ ነበር፤ የሁለተኛው ታግ ትርጉም «ሌላ» ማለት ነው። ሱቁን የመዘገበ ሰው «ሌላ» የምትባለዋን ሳጥን ያውቃታል። መጀመሪያ ትንሽ ናት፤ ሳይታወቅ ከሁሉም ትበልጣለች።

የወለጋ ቡና በሁለት በር ይወጣ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ኋላም ጋምቤላ ላይ ሥራ ጀመረ። ከሰዮ፣ ማለትም ከዛሬው ደምቢ ዶሎ አካባቢ፣ የተሰበሰበው ቡና ወደዚያ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዛል። የቀረው በነቀምቴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የጎረቤታሞች ቡና አንዱ በነጭ ዓባይ፣ ሌላው በባቡር ሄዶ ባሕር ማዶ ሲገናኝ ስሙ ያው «አቢሲኒያን» ነው።

ወለጋ መዝገብ አያውቅም ነበር እንዳትሉኝ። በነቀምቴ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤት (በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር) የተጠበቁት የአማርኛ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ንግድ ይናገራሉ። የታሪክ ምሁራኑ ተሰማ ታአ እና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ አሰባስበው አሳትመዋቸዋል። ደብዳቤ በባሕርይው ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ቀን አለው። ማን፣ ለማን፣ መቼ። እነዚህን ሦስቱን ጥያቄዎች ልብ በሏቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደ ስሙ። የከተማዋ ሰው በኦሮምኛ ነቀምቴ ይላል። በአማርኛ ጽሑፍ ነቀምት እና ለቀምት እየተቀያየሩ ኖረዋል። ጣሊያኖች በካርታቸው «ሌኬምቲ» ብለው አሰፈሯት። ቡና ላኪው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ለቀምፕቲ» አደረጋት። ያቺ «ፕ» ከየት መጣች ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከ«ም» ወደ «ት» ስትሻገሩ ከንፈራችሁ ሲላቀቅ የምትሰማ ትንሽ ድምፅ ናት፤ አንድ ጸሐፊ ሰምቷት ጻፋት፣ ቀጣዩ ገለበጠ።

የብሔራዊ ቡና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1972 በአዲስ አበባ የቡና ጨረታ ሲጀመር፣ «አቢሲኒያን» የሚለው ትልቅ ከረጢት ተፈታና ጅማ፣ ሲዳሞ፣ ሊሙ፣ ይርጋጨፌ፣ ለቀምት የሚሉት ስሞች የንግድ ቋንቋ ሆኑ። ይህ መሻሻል ነበር። ግን ለቀምት የሚለው መለያ ከመነሻው የሚያሳስት ነገር ነበረበት። ቡናው የሚለማው በአብዛኛው ነቀምቴ ላይ አይደለም፤ በጊምቢ፣ በሀሩ፣ በነጆ፣ በቄለም ነው። ነቀምቴ መኪናው የሚያልፍባት፣ ነጋዴው የሚያድርባት ከተማ ናት። የመኑ ሞካ ወደብም እንዲሁ ቡና ሳያበቅል ነው ዓለም ቡናን በስሙ የጠራው። መለያው ዕቃው የተወለደበትን ሳይሆን የታየበትን ቦታ ይናገራል ማለት ነው።

የምርት ገበያው ዘመን የመጣው በዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። በሚያዝያ 2000 በበቆሎ ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ለእህል ነበር። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ሲወጣ ግን ቡናም ተጠቃለለና በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ግብይቱ ተጀመረ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የማስታውሰው በቴሌቪዥን ባለ አረንጓዴ ጃኬት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲማቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የጊምቢ አቅራቢ ከብዙ ገበሬ የሰበሰበውን ቡና አስፈልፍሎ ከተማው ውስጥ ወዳለው የምርት ገበያው መጋዘን ያደርሳል። ናሙና ይወሰዳል። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለስኒው ቅምሻ ይሰጣል። ከዚያ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከ1 እስከ 9። አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል፤ ጆንያው ደግሞ ኮድ ይሰጠዋል። «ዩኤልኬ 5» እንበል። «ዩ» ያልታጠበ፣ «ኤልኬ» ለቀምት፣ «5» ደረጃው። አዲስ አበባ ያለው ገዥ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ዋጋ ሲጠራ የሚገዛው ያንን ኮድ ነው። ዕጣ የደረሰው የማን ቡና እንደሆነ አይነገረውም።

ይህን ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በድሮው ጨረታ አቅራቢና ላኪ ይተዋወቃሉ፤ መተዋወቁ አንዳንዴ መመሳጠር ይሆናል። ናሙናው ሌላ፣ የተራገፈው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ሸጦ ገንዘቡን ለወራት የሚጠብቅ ነበር። ምርት ገበያው ገንዘቡን በማግሥቱ ባንክ አስገባ፤ በገጠር ከተሞች የዋጋ ሰሌዳ ሰቀለ፤ በስልክ ዋጋ መጠየቅ ተቻለ። ይህን ለማድረግ አንዱ ዩኤልኬ 5 ከሌላው ዩኤልኬ 5 ጋር እኩል መሆን ነበረበት፤ እንደ ብር ኖት። የብር ኖት ደግሞ ከማን ኪስ እንደመጣ አይጠየቅም።

ችግሩ ቡና እንደ ብር ኖት አለመሆኑ ነው። ወዳጄ ላፕቶፑ ላይ ያሳየኝ ነገር ይህን ስለሚያስረዳ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ዩኤልኬ 5» አንድ ቃል ይመስላል እንጂ ሦስት እውነት አንድ ላይ የተሰፋበት ነው፤ አዘገጃጀት፣ አካባቢ፣ ጥራት። አንድ ሰው «ደረጃ 5 የሆነ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ» ብሎ ቢጠይቅ ኮዱን በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። «ያልታጠበ ሆኖ ከጊምቢ» ቢል ደግሞ መልስ የለም፤ ጊምቢ «ኤልኬ» ውስጥ ሰጥማለች።

ይህን ጉዳይ መጀመሪያ ያሰቡት የኮምፒውተር ሰዎች ሳይሆኑ የመጻሕፍት ቤት ሰዎች ናቸው። ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው የምደባ ዘዴ አንድን መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ስም ከማሰር ይልቅ በተለያየ ገጽታው ለየብቻ መሰየም ይሻላል አለ፤ ስለ ምን ነው፣ የት፣ መቼ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ (አዎ፣ የሰውየው ስም ኮድ ነው) መረጃን በሰንጠረዦች ከፍሎ በመለያ ቁጥር ማያያዝን አስተማረ። የዛሬ ዳታቤዝ አብዛኛው በእሱ ትከሻ ላይ ቆሟል።

ወዳጄ ያደረገውም ይኸው ነው። አንድ ሰንጠረዥ ለናሙናው፤ እያንዳንዱ ጆንያ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም ምንም ትርጉም የለውም። ሁለተኛ ሰንጠረዥ ለታጎቹ፤ እያንዳንዱ ታግ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፣ ዓይነቱም አብሮ፤ አካባቢ ነው፣ አዘገጃጀት ነው፣ ጣዕም ነው። ሦስተኛ ሰንጠረዥ ሁለቱን የሚያጋባ፤ ይህ ናሙና፣ ይህ ታግ። አዲስ ዓይነት መለያ ቢመጣ አዲስ ዓምድ መቆፈር የለም፤ መስመር መጨመር ብቻ።

ፍለጋው ፈጣን እንዲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከናሙና ወደ ታግ ሳይሆን ከታግ ወደ ናሙና፤ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ቃሉን ከነገጾቹ እንደሚዘረዝረው ማውጫ። «ያልታጠበ» የሚለው ታግ የራሱ ረጅም ዝርዝር አለው፣ «ጊምቢ» አጭር ዝርዝር አለው። ሁለቱንም የያዘውን ለማግኘት ብልህ ማሽን ከአጭሩ ይጀምራል፤ አጭሩ ላይ ያሉትን ብቻ ረጅሙ ውስጥ ይፈልጋል። ጎበዝ የመጋዘን ሠራተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከጥቂቱ ቁልል ይጀምራል።

ለነቀምቴዋ ዜሮም መድኃኒት ነበረ፤ የተለዋጭ ስሞች ሰንጠረዥ። ነቀምቴ፣ ነቀምት፣ ለቀምት፣ ሌኬምቲ፣ ለቀምፕቲ፤ አምስት አጻጻፍ፣ አንድ መለያ ቁጥር። የጻፋችሁት የትኛውንም ይሁን፣ መዝገቡ ይከፈታል። በግማሽ ቀን አለቀ።

ስሙ ካለቀ በኋላ አስቸጋሪው ድንበሩ ሆነ። ድሮ ወለጋ አንድ ክፍለ ሀገር ነበር። ዛሬ በኦሮሚያ ውስጥ ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው፤ የድሮው ክፍለ ሀገር የተወሰነ ክፍልም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ገብቷል። «ወለጋ» ተብሎ የተመዘገበ የድሮ ናሙና የትኛው ወለጋ ነው? ስለዚህ የቦታ ታግ የዘመን ልክ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ይህ ስም ይህን መሬት ያመለክት ነበር የሚል። ይህን የማያስብ ካታሎግ በአስተዳደር ለውጥ ማግሥት መዋሸት ይጀምራል።

ግን እነዚህ ሁሉ የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። የማይድነው ገበሬው ነው።

ልብ በሉ፤ መረጃው ጨርሶ አልጠፋም ነበር። መጋዘኑ ደረሰኝ ሲሰጥ ያስረከበውን ሰው ያውቃል፤ ማን፣ መቼ። ገዥው ደግሞ የገዛውን ኮድ ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ክር ነው የተቆረጠው፤ ሁለት ሰንጠረዦች አሉ፣ የሚያያይዛቸው ቁጥር ለገዥው አይታይም። ከአቅራቢው ወደ ኋላ ደግሞ ጭራሽ ክር የለም። ጀንፈሉን ከመቶ በላይ ሰው ሲያመጣ በሚዛን ተመዝኖ አንድ ክምር ላይ ይፈስሳል። ክምሩ ከየትኛው ማሳ ስንት ኪሎ እንደያዘ የጻፈ ካልነበረ የትኛውም ማሽን ኋላ ሊያወጣው አይችልም።

የውጭ ልዩ ጣዕም ቡና ገዥዎች ወዲያው ጮኸዋል። ምርት ገበያውም እ.ኤ.አ. በ2010 ለእነሱ የቀጥታ ግብይት መስኮት ከፈተ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጀመሪያውኑ በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተውን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ጨምሮ፣ የአባሎቻቸውን ስም ይዘው ቀጠሉ። ግን ጩኸቱን መለስ ብላችሁ ብታዩት በአብዛኛው ስለ ይርጋጨፌና ስለ ሲዳማ ነው። ለወለጋ ያልታጠበ ቡና ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ በብዛት የሚገዛ፣ ለድብልቅ የሚሆን፣ ርካሽ ነው ተብሎ ተመድቦ ነበርና። ፍሬው ደልደል ያለ፣ የፍራፍሬ ጣዕም የሚያሳይ ቡና መሆኑን ቀማሾች ያውቃሉ። ኮዱ ላይ ግን ለጣዕም የሚሆን ፊደል የለም።

ቀደም ብሎም ያው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የንግድ ምልክት ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ከስታርባክስ ጋር ያ ሁሉ ውዝግብ ተነስቶ በ2007 በስምምነት ያለቀው፣ ሦስት ስሞች ነበሩ፤ ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ። ለቀምት አልነበረችበትም። ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ስም ያለውን ስም ማስጠበቅ ይቀድማል። ውጤቱ ግን ስም የነበረው ስም ጨመረ፣ «ሌላ» የነበረው «ሌላ» ሆኖ ቀረ።

ማንነቱን ጠብቆ የመዘገበ ግን ነበረ፤ ሳይንሱ። በጮጬ ባለው የቡና ዘረ መል ማቆያ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙናዎች ከነሰብሳቢ መረጃቸው በማሳ ተተክለዋል። በምዕራብ ወለጋ ሀሩ ያለው የምርምር ንዑስ ማዕከልም ከአካባቢው ቡና መርጦ መነሲቡ፣ ጫላ፣ ሀሩ 1 የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዝርያው የወረዳውን ስም ይዞ ይዞራል፤ የዝርያው ፍሬ ገበያ ሲወጣ ግን እንደገና «ኤልኬ» ይሆናል። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተፍታተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ምርት ገበያው ጆንያ ላይ ባር ኮድ የሚለጥፍ የመነሻ መከታተያ ጀመረ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገናኙበትን በር ከፈተ። ዛሬ ብዙ የወለጋ ቡና በጊምቢና በቄለም ስም ባሕር ማዶ ይሸጣል።

አሁን የመጣው ጥያቄ ግን ከወረዳም አልፏል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2020 (በእነሱ አቆጣጠር) በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ለማረጋገጫ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን፣ ካነሰ አንዲት ነጥብ፤ ነጥቧም ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ። መነሻው ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር ከተደባለቀ ጠቅላላው ጭነት ይወድቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አልተሰረዘም። «ሌላ» ተብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ለኖረው የወለጋ ገበሬ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ገበያ መጥቶ «የቡና ዛፍህ የትኛው ነጥብ ላይ ነው?» እያለው ነው። ሥራው ደግሞ በእሱና በሰብሳቢው ላይ ወድቋል።

ወዳጄ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሰንጠረዥ ሠርቷል። የወላጅ ሰንጠረዥ ይለዋል። ሁለት ክምር ሲቀላቀል አዲስ ቁጥር ይወለዳል፤ አባትና እናቱ ከነኪሏቸው ይመዘገባሉ። አሥር ጊዜ ቢደባለቅ ዘሩን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማሳው ድረስ መሄድ ይቻላል። ሐበሻ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ?

ኔትወርኩንም አስቦበታል፤ ማሰብ ግድ ነበረበት። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ሲዘጋ ቤተሰቡ ነቀምቴ ነበር። ዋናው ማሽን አዲስ አበባ ሆኖ ጆንያው ቁጥር እንዲያገኝ መስመር የሚጠብቅ ሥርዓት ያኔ ሦስት ወር ይቆም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ጊምቢ ላይ፣ በሰብሳቢው ስልክ ውስጥ ይወለዳል፤ ከሌላ ቁጥር ጋር እንዳይጋጭ ሆኖ ረጅም ነው። መስመር ሲመጣ ይላካል፤ ካልመጣ ይጠብቃል።

ወደ ሥራው መጨረሻ አካባቢ ደወለልኝ። የድሮዎቹን ናሙናዎች፣ የ2001፣ የ2002፣ የ2003 መኸርን፣ ወደ አዲሱ ሰንጠረዥ እያስገባ ነው። «ገበሬ» የሚለው ዓምድ ላይ ደርሷል። ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

«ምን ልሙላበት?» አለኝ።

«አይታወቅም በል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አባቴ እኮ ቡና ያስረክብ ነበር» አለኝ። «ሰብሳቢው ስሙን ጠርቶ ነው የሚመዝንለት። ይታወቃል እኮ፤ የጻፈው የለም እንጂ።»

ማታ የሠራውን ፎቶ ላከልኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ በነበረው ዓምድ ላይ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቃል ገብቷል፤ «አልተጠየቀም»።